ብሎኩ ተቀይሮም ያው መኪና ነው?

ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የሠራው 302 የሚሉት ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር፣ ጉልበት የሚጨምሩ አሜሪካውያን መካኒኮች ሁሉ የሚያውቁት አመል አለው። ገበያ ላይ «5.0» ይባላል፤ ሲለካ ግን 4.9 ሊትር ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ መስታንግ ውስጥ ሆኖ 225 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ባለቤቱ ቱርቦ ገጥሞ ጉልበቱን ከእጥፍ በላይ ያሳድገውና 500 አካባቢ ሲደርስ ብሎኩ አደጋ ላይ ይወድቃል። የሚሰነጠቀውም መሀል ለመሀል ነው፤ የቫልቭ መግፊያዎቹ ከተደረደሩበት ሸለቆ ተነስቶ፣ ክራንክሻፍቱን እስከተሸከመው ግድግዳ ድረስ። ፒስቶኑ፣ ቢዬላው፣ ቴስታታው ሁሉ ተጠናክሮ ሊሆን ይችላል። የተሸከማቸው ጊዛ ግን ለዚያ ጉልበት አልተፈጠረም።

እዚህ ላይ እንደ ዳርት ያሉ ኩባንያዎች ብቅ ይላሉ። ከፋብሪካው ብሎክ ጋር በመልክና በልክ የሚገጥም፣ ውስጡ ግን ሌላ የሆነ ብሎክ ይሸጣሉ፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ ወፍራም ነው፣ ክራንክሻፍቱን ከታች የሚያቅፉት ካፖችም በሁለት ፈንታ በአራት ብሎን ይታሰራሉ። ገዢው የሚጨነቀው በጊዛና በአሉሚኒየም መካከል ነው። ጊዛው ከባድ ቢሆንም ሲሊንደሩ ግፊት ሲበዛበት ቅርጹን አይለቅም። አሉሚኒየሙ የፊት ጎማዎቹን ሸክም ያቀልላል፣ ቢጎዳም በብየዳ የመዳን ዕድል አለው፤ ነገር ግን ሲሞቅ ከጊዛው እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ ሞተሩን የሚገጥመው ሰው ክፍተቶቹን በዚያው ልክ ማስላት አለበት። በየቀኑ ለሚነዳ ባለ ቱርቦ መኪና የጊዛው ምርጫ ብዙ ክርክር አያስፈልገውም።

ክርክር የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በተሠሩ አሜሪካዊ መኪኖች ላይ የሻንሲው ቁጥር ከፊሉ ብሎኩ ላይም ተመትቶ ይገኛል። የኛው ሊብሬም ቢሆን የሻንሲና የሞተር ቁጥርን ይዞ ነው የሚወጣው። ቁጥሩ ያለበት ብረት ወርዶ ቁጥር የሌለው ሲገባ፣ ከጋራዡ የወጣው መኪና የገባው ነው?

ፕሉታርክ የቴሴዎስን ታሪክ ሲጽፍ ይህንኑ ጥያቄ በመርከብ አንስቶታል። አቴናውያን የጀግናውን መርከብ ሲጠብቁ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ አዲስ ይተኩ ነበር፤ ፈላስፎቹም ያው ነው፣ አይደለም እያሉ ለሁለት ተከፈሉ። በ1655 ቶማስ ሆብስ ነገሩን አከረረው፦ አንድ ሰው የተጣሉትን ሳንቃዎች ሰብስቦ እንደ ቀድሞው ቢገጥማቸውስ? የትኛው ነው የቴሴዎስ መርከብ?

ፈላስፎች ሳይቋጩ የተዉትን አንድ የለንደን ዳኛ በ1990 መቁረጥ ነበረበት። ክርክሩ «አሮጌው ቁጥር አንድ» በተባለው ቤንትሌይ ላይ ነው። መኪናው በ1929 እና በ1930 የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸንፏል፤ ሁለቱንም ጊዜ ከነጂዎቹ አንዱ ዉልፍ ባርናቶ ነበር። በ1932 ባለ 8 ሊትር ሞተር ተገጥሞለት ብሩክላንድስ ላይ ሲወዳደር ተገለበጠና ነጂውን ክላይቭ ደንፊን ገደለ። ከዚያም ተጠግኖ ሌላ አካል ለበሰ። ከዓመታት በኋላ ባለቤቱ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊሸጠው ተዋዋለ፤ ገዢው ግን «ይህ ያ መኪና አይደለም» ብሎ አፈገፈገ። ዳኛው ኦተን ብረቱን በየዘመኑ ሲያጣሩ ከ1929ኙ መኪና ተረፈ የሚባል ነገር እምብዛም አላገኙም። ያም ሆኖ ለሻጩ ፈረዱ። መኪናው በአንድ ቀን ፈርሶ ሌላ አልሆነም፤ እየተለወጠ፣ ሳይቋረጥ ኖረ። ስሙን የሚሻማው ሌላ መኪናም አልነበረም።

ፍርዱ ትክክል ይመስላል፤ የመስታንጉንም ጉዳይ አብሮ ይዳኛል። ዳርት ብሎክ የገባለት መኪና ታሪኩ ሳይቋረጥ ተሻሻለ እንጂ አልሞተም። ሰብሳቢው «ዋጋው ወደቀ» ሲል የሚያወራው ስለ ፋብሪካ ብረት ነው፣ እሱም እውነት አለው፤ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው የሚያወራው። ውሸቱ የሚጀምረው አዲሱ ብሎክ ላይ የድሮው ቁጥር በመዶሻ ሲመታ ነው። ይህን የሚያደርጉ አሉ፤ የጨረታ ቤት መርማሪዎችም በማጉያ መነጽር የፊደሎቹን ቅርጽ፣ ከሥር ያለውንም የፋብሪካ ማሽን ጭረት የሚመረምሩት ለዚህ ነው። ጭረቱ ተሞርዶ ከጠፋ ቁጥሩ ቢገጥምም አያምኑትም።

ጠንቃቃ ባለቤቶች ዘዴ አላቸው። ብሎኩ ሳይሰነጠቅ በፊት ያወርዱትና ዘይት ቀብተው፣ በፕላስቲክ ጠቅልለው ጋራዡ ጥግ ያስቀምጡታል፤ መኪናው በሌላ ልብ ይወዳደራል። የሆብስ ጥያቄ ግን በዚህ አልተዘጋም። ባለቤቱ መኪናውን ለአንዱ፣ ጥግ ያለውን ብሎክ ለሌላው የሸጠ ዕለት፣ ሁለተኛው ገዢ ተመሳሳይ ቀፎ ፈልጎ በብሎኩ ዙሪያ መኪና መገጣጠም ይችላል። ያኔ ሁለት ሰዎች ያንኑ መኪና አለን ይላሉ፣ አንደኛው ሻንሲውን ሌላው ሞተሩን እያሳየ። ኦተንም በዚያ ፍርድ ይህንን መመለስ አላስፈለጋቸውም፤ የቤንትሌዩን ስም ይዞ ፍርድ ቤት የቀረበ ሁለተኛ መኪና አልነበረምና።