የማን ልጅ ነህ?



በአምባ ጊዮርጊስም ሆነ በዳባትና በደባርቅ፣ ታላላቆች ሕፃን ባገኙ ጊዜ የማን ልጅ እንደ ሆነ ይጠይቁታል። እኛም ሳናስበው ብዙ ጊዜ ጠይቀናል። በማደጎ ለሚያድግ ልጅ ግን ጥያቄው ከባድ ነው። ይልቁንም ትምህርት ቤት ሲገባ ከስሙ ቀጥሎ የአባት ስም ይጻፋልና፣ መምህሩ ስም በጠራ ቁጥር ቁስሉ ይነካል።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባቷ ጭና ደርሶ የብዙ ሰላማውያንን ሕይወት ቀጥፏል፤ ከዚያ በፊትም በሽታና ድህነት ብዙ ቤት ዘግተዋል። ወላጅ ያጣውን ልጅ አጎት፣ አክስት ወይም ጎረቤት መሰብሰቡ ነባር ደግነታችን ነው። ይሁን እንጂ የወለድነው ደብተር ይዞ ወደ ትምህርት ቤት፣ ያመጣነው በትር ይዞ ከበጎች ኋላ የሚሄድ ከሆነ፣ ያ ሕፃን ወደ ቤታችን የገባው ለልጅነት ነውን ወይስ ለእረኝነት?

ቅዱስ ዮሴፍ ጌታችንን በሥጋ አልወለደውም፤ ነገር ግን ስም አወጣለት፣ ከሄሮድስ ሊያድነውም ወደ ግብፅ ይዞት ተሰደደ። በኢየሩሳሌም በጠፋ ጊዜ ከእመቤታችን ጋር እየተጨነቀ ፈለገው፤ እርሷም በልጅዋ ፊት ዮሴፍን አባቱ ብላ ጠራችው (ሉቃ. 2፥48)። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ግን በዮሴፍ ፊት ስለ ሌላ አባት ተናገረ። ዮሴፍ ስለ መቆጣቱ ወንጌል አንዳች አይነግረንም። ልጁም አብሯቸው ወደ ናዝሬት ወረደ፣ ይታዘዛቸውም ነበር።

እንግዲህ ያሳደግነው ልጅ ስለ ወለዱት ሲጠይቀን ውለታ ቢስ አንበለው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ እንኳ፣ የጉዲፈቻን ልጅ እንደ አብራክ ልጅ ሲቆጥር ከወለዱት ጋር ያለውን ትስስር አይበጥስበትም። እውነቱን የምንሸሽገው በፍቅር ይሆናል፤ ልጁ ግን አንድ ቀን በጨዋታ ሜዳ ላይ በስድብ መልክ ይሰማዋል። አንደኛ ክፍል ሳይገባ ከእኛው አንደበት ይስማው፤ መምህሩም ይወቅ።

አንዳንዱ ልጅ ጠግቦም ቢሆን እንጀራ ከመኝታው ሥር ይሸሽጋል። ሌባ ብለን አንግረፈው፤ ነገም እንደሚበላ እስኪያምን ጊዜ ይፈልጋል።

መምህራን ሆይ፣ ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁትን ስትመዘግቡ የአባቱን ስም በጓደኞቹ ፊት አትጠይቁት። አሳዳጊውን አስቀድማችሁ ለብቻው አነጋግሩት።