ያላየኸውን ስለ ምን ታምናለህ?

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፤ «ተአምራትን በዓይንህ ሳታይ ስለ ምን ታምናለህ?» የሚልህ ሰው ቢገጥምህ አትቈጣ፤ ጥያቄው የቈየ ነውና። የስኮትላንድ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1748 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ነገሩን አጽንቶ ተናግሮታል። የፍጥረት ሥርዓት ሳይናወጥ መኖሩን ሁልጊዜ እናያለን፤ ምስክሮች ግን ሲሳሳቱና ሲዋሹ ብዙ ጊዜ አይተናል። ስለዚህ ተአምር ተደረገ ከማለት ይልቅ ምስክሩ ተሳሳተ ማለት ይቀላል አለ።

በአበርዲን ከተማ ይኖር የነበረው ቄስ ጆርጅ ካምቤል በ1762 ዓ.ም. መለሰለት። ሰው ምስክርን ማመን የሚጀምረው መርምሮ አይደለም፤ ሕፃን አስቀድሞ የነገሩትን ያምናል፥ መጠራጠርን ኋላ ይማራል። ደግሞም አንድ ማሻገሪያ ታንኳ ሺህ ጊዜ ወንዙን በደኅና ሲሻገር ያየ ሰው፥ ከወንዙ የመጣ አንድ እንግዳ «ዛሬ ታንኳው ሰጠመ» ቢለው ያምነዋል። የአንድ እውነተኛ ሰው ቃል ከሺው ልማድ ይበልጣልና።

ነገር ግን፥ ወንድሜ ሆይ፥ የታንኳ መስጠምና የሙት መነሣት እኩል አይደሉም። ታንኳ ቢሰጥም ከፍጥረት ሥርዓት አይወጣም፤ ይህን ልዩነት መካድ አይገባንም። ቢሆንም ለፍጥረት ሥርዓትን የሠራ ጌታ ካለ፥ እርሱ በሥራው ላይ ሥልጣን የለውም ማን ይላል? ይህ ጥያቄ ሳይፈታ «ከቶ ሊሆን አይችልም» የሚል፥ ምስክር ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛን ይመስላል። እንግዲህ ምስክሩን መርምር፤ ነገሩን አይቷልን? ስለ ቃሉ ያገኘው ሀብት ነውን ወይስ እስራት? መከራ በመጣበት ጊዜ ቃሉን ለወጠን? የሐዋርያትን ምስክርነት በዚህ ሚዛን መዝነው።

ከካምቤል የምንማረው ሌላም ነገር አለ። መጽሐፉን ከማሳተሙ በፊት ጽሑፉ በወዳጁ በሂው ብሌር እጅ ለሂዩም ደረሰ፤ ሂዩምም ያሳዘኑትን ቃላት አመለከተ፥ ካምቤልም አንዳንዱን አለዘበ። ክርክሩን ግን አልተወም። ለሚጠራጠር ሰው በስድብ የሚመልስ፥ መልስ እንደሌለው ያስመስላል።

ከሁሉ በላይ ይህን አስብ። እምነታችን በምስክር ቃል የቆመ ከሆነ፥ የምስክር ክብር በአንተም አፍ ተቀምጧል። በገበያ በሐሰት ሚዛን የሚሸጥ፥ በሸንጎ ለወዳጁ ሲል በሐሰት የሚምል ክርስቲያን፥ ከሂዩም መጽሐፍ ይልቅ ወንጌልን ይጐዳል። ጐረቤቱ «ትናንት ያየውን የዋሸ፥ ያላየውን እንዴት እውነት ይነግረኛል?» ይላልና። እንግዲህ በትንሹ ነገር ታምነህ ተገኝ፤ ስለ ታላቁ ነገር በተናገርህ ጊዜ ሰው ጆሮውን ይሰጥህ ዘንድ።