የሳሙኤል ልክ

ለተወለደ ሕፃን በእጅ የተሠራ ስጦታ ከሱቅ ከተገዛው ይበልጣልን? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከሰሚት እስከ አያት ባሉ ኅብረቶቻችን ውስጥ ብዙ ወጣቶችን በዝምታ የሚያስጨንቅ ጥያቄ ነው። ከወሊድ በፊት የሚደረገው «ቤቢ ሻወር» እየተለመደ መጥቷል። ከወሊድ በኋላ ደግሞ አራስ ጥየቃው አለ። ገንፎው እየተበላ፣ «እንኳን ጌታ በሰላም ገላገለሽ» እየተባለ ስጦታው ጥግ ላይ ይከመራል። ከረጢቱ ላይ የታተመው የሱቅ ስም ዕቃው ሳይከፈት ዋጋውን ይናገራል። ደመወዝ ያልጀመረች እኅት ይህን ስታስብ፣ ባዶ እጇን ከመሄድ መቅረትን ትመርጣለች። በልጅ መወለድ ደስ ሊለው የሚገባ ሰው በስጦታ ምክንያት ከደስታው ማዕድ ሲጎድል፣ ነገሩ የዕቃ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የልብ ጉዳይ ይሆናል።

«ታዲያ በእጅሽ ሥሪ» የሚል ምክር ብዙ ጊዜ ይሰማል። ምክሩ መልካም ነው፤ ለእኛም እንግዳ አይደለም። እናቶቻችንና አያቶቻችን ጥጡን ዳምጠው፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትለው፣ ፈትሉን ለሸማኔ ሲሰጡ ኖረዋል። ዛሬም በሽሮ ሜዳ አካባቢ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ይሸምናሉ። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ያሞቃል፤ ሲያረጅና ሲለሰልስ ደግሞ ተቆርጦ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል። በኪሮሽ ዳንቴል የምትሠራ እናት ወይም አክስት ያልነበረችበት ቤትስ ስንት ነው? ሶፋውንና ቴሌቪዥኑን ያለበሰ እጅ ለሕፃን ኮፍያና ካልሲ፣ ሹራብና ትንሽ ብርድ ልብስ መሥራት አያቅተውም። የአዲስ አበባ ክረምትና የኅዳር ሌሊትም ለሕፃን ቀላል ስላልሆነ ሥራው ከጌጥ ያለፈ ጥቅም አለው።

ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ መስፋትም በእኛ ዘንድ አለ፤ ስሙ ግን አያምርም። ድሪቶ እንለዋለን፤ ቃሉም ድህነትን ያስታውሰናል። በሌላው ዓለም ይኸው ሥራ ለሕፃናት የሚሰጥ የክብር ስጦታ ሆኗል። በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ ጊስ ቤንድ በምትባል መንደር አያቶቻቸው በባርነት የኖሩ ጥቁር ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር፤ ዓላማቸው ቤተሰባቸውን ከብርድ ማዳን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለች የመንደሩ ሴት ከሟች ባሏ የሥራ ልብስ አንድ ብርድ ልብስ ሰፋች። በ2002 የእነዚህ ሴቶች ሥራ በሂውስተንና በኒውዮርክ ሙዚየሞች ለሕዝብ ታየ። ሙዚየሙ ያከበረው ጨርቅ መጀመሪያ የተሰፋው ስሙ ለሚታወቅ ሰው፣ በአንድ ቤት ውስጥ ለሚበርደው ሰው ነበር።

ይህ ወደ ጥያቄያችን ይመልሰናል። በእጅ መሠራቱ ብቻውን ስጦታን ያከብራልን? መልሱን የማገኘው በሐና ታሪክ ውስጥ ነው። ሐና ሳሙኤልን ለእግዚአብሔር ሰጥታ በሴሎ በካህኑ በዔሊ ዘንድ ተወችው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከባሏ ጋር ለመሥዋዕት ስትወጣ፣ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 2፥19)። እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ፤ ልኩን እንዴት አወቀች? ልጁ አጠገቧ የለም፤ ካየችውም ዓመት ሆኖታል። ልጅ በአንድ ዓመት ምን ያህል ይረዝማል? ትከሻው ምን ያህል ይሰፋል? እጅጌው የት ላይ ይድረስ? ሐና ጨርቁን ከመቁረጧ በፊት ልጇን በሐሳቧ ማሳደግ ነበረባት። መርፌው ክር ሳይጎርስ ስጦታው ተጀምሯል።

የእጅ ሥራ ትልቁ በረከት ይህ ይመስለኛል፤ የሚቀበለውን ሰው ሳያስቡ ልክ መሥራት አይቻልም። ለሕፃን ኮፍያ የምትሠራ እኅት የራሱን ልክ ትጠይቃለች። ክሩ ቆዳውን እንዳይኮሰኩሰው በጉንጯ ትሞክራለች። ጣቱ እንዳይጠለፍ የዳንቴሉን ቀዳዳ ታጠብባለች፤ ተነቅሎ አፉ እንዳይገባ ቁልፉን ትተዋለች። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሲተኛ የላላ ብርድ ልብስ በአጠገቡ እንዳይደረግ ሐኪሞች እንደሚመክሩ ካወቀች፣ ለእናቲቱ «ሲታቀፍና ነቅቶ ሲጫወት ይሁንለት» ብላ ትሰጣለች። በእያንዳንዱ ዙር ልጁ በሐሳቧ አለ፤ የምትጸልይ ከሆነችም በጸሎቷ አለ። በኢዮጴ ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ የሠራችላቸውን ልብስ አሳዩት (ሐዋ. 9፥39)። እያንዳንዷ የያዘችው ልብስ፣ አንዲት ሴት እርሷን አስባ ቁጭ ብላ እንደነበር የሚመሰክር ነው።

ይሁን እንጂ «በእጁ ያልሠራ አልወደደም» ብንል እንበድላለን። የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ፣ ቀኑን ሙሉ ሕንፃ ላይ የሚውል ወንድም፣ ኪሮሽ የሚይዙበት ምሽት የላቸውም። ክሩም ቢሆን በነፃ አይገኝም። ደግሞ ዳይፐር እንኳ እንደ ልጁ ክብደት ቁጥር አለው። ያ ወንድም አስቀድሞ ደውሎ «ስንት ቁጥር ነው የሚሆነው?» ብሎ ጠይቆ ከሰፈሩ ሱቅ አንድ እሽግ ይዞ ቢመጣ፣ እርሱም ልኩን አውቋል። ሌላዋ ምንም ሳትይዝ መጥታ የተከመረውን ልብስ ብታጥብ፣ ትልቁን ልጅ ይዛ ወጥታ እናቲቱን ሁለት ሰዓት ብታስተኛት፣ ምናልባት ከሁላችን ይልቅ ልኩን ያወቀችው እርሷ ናት። በአንጻሩ ሦስት ወር የተለፋበት ብርድ ልብስ ሠሪዋን ለማስመስገን ብቻ ከተሠራ ልኩ የሕፃኑ አይደለም፤ የሠሪዋ ነው።

ይህን መለየት የሚቻለው እንዴት ነው? የሕፃን ስጦታ ራሱ ይፈትነናል። ሕፃኑ ያስመልስበታል፤ ይሸናበታል። እናቲቱ ቸኩላ በሙቅ ውኃ ታጥበውና ይኮማተራል። ከስድስት ወር በኋላ አይበቃውም፤ ለጎረቤት ልጅ ይተላለፋል። ልጁ ካደገ በኋላ ማን እንደሠራለት አያስታውስም። ይህን ሁሉ አስቀድሞ እያወቀ ጥለቱን አሳምሮ የሚጨርስ፣ ሲቆሽሽም ቅር የማይለው፣ እርሱ በእውነት ሰጥቷል። ለመቆሸሽ የተሠራን ነገር በጥንቃቄ መሥራት ትሕትናን የምንማርበት ትንሽ ትምህርት ቤት ነው።

በአገራችን «ብድር በምድር» ይባላል። አባባሉ ብዙ መልካም ነገር አቆይቶልናል፤ በሠርግና በለቅሶ አንዳችን ለሌላው የምንደርሰው በዚህ ነው። ነገር ግን ስጦታችንን ቀስ በቀስ ወደ ሒሳብ መዝገብ ይለውጠዋል፤ «እርሷ ለእኔ ይህን ያህል አምጥታ ነበር» ያሰኘናል። ጌታ ግብዣ ስታደርጉ ብድራት ሊመልሱ የማይችሉትን ጥሩ ብሎ አስተማረ (ሉቃ. 14፥12–14)። ሕፃን እንግዲህ ከእነዚህ አንዱ ነው። ገንዘብ የለውም፣ ምስጋና አያውቅም፣ ስማችንን እንኳ አይጠራም። ጌታችን ራሱ ወደ ዓለም ሲመጣ እንዲሁ ነበር፤ ሌላ ሰው የሚጠቀልለው ሕፃን።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከኅብረታችን አንዷ ስትወልድ፣ «ምን ያህል ያወጣል?» ከሚለው በፊት «ልኩ ስንት ነው?» እንበል። ለሕፃኑም ለእናቲቱም፤ የሚጎድላት ምንድን ነው? የሚከብዳት የትኛው ሰዓት ነው? እጁ የሚሠራ ይሥራ፤ ጊዜ የሌለው ይግዛ፤ ሁለቱም የሌለው መጥቶ ልጁን ይቀፍ። ዋጋ አፍሯት የቀረችውን እኅት ደግሞ አንዳችን ደውለን እንጥራት። አራስ ቤት ውስጥ ሥራ ሞልቷል።