ልጆቻቸውን የዘነጉ ወላጆችን ስለ መጦር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፥ አባትህንና እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝ የዕድሜ ወሰን የለበትም። እናት በስማችን ስትጠራን እናከብራታለን፤ ፊታችንን አይታ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ባለችን ቀንስ ክብሯ ይቀራልን? መጽሐፈ ሲራክ በ3ኛው ምዕራፍ፥ የአባቱ አእምሮ ቢጐድል እንኳ ልጅ እንዲታገሠውና እንዳይንቀው ያስተምራል።

በወልድያም ሆነ በመርሳ፥ በሀብሩም ገጠር፥ እንዲህ ያለው ነገር ሲደርስ ቤተ ሰብ «ጃጀች» ብሎ ይተዋል፤ ጎረቤትም መተት ነው ይላል። ነገሩ ግን የአንጎል በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 57 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው። ስለዚህ የኃጢአት ቅጣት ነው ብለን በማንም ላይ አንፍረድ። ጠበል መጠመቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሐኪም አያስቀርም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የእንቅርት ዕጢ መድከም መርሳትን ሲያመጡ በሕክምና ሊታረሙ ይችላሉና።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ወልድያ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ወደ ደሴ ተሰደደ። በሽተኛ ሽማግሌ ላለበት ቤት እንዲህ ያለው ስደት ጭንቀቱ እጥፍ ነው፤ የቦታ መለዋወጥ የሚረሳውን ሰው አብልጦ ያደናግረዋልና። እንግዲህ በሰላሙ ቀን የለመዱትን መደብና የለመዱትን የምግብ ሰዓት አንለውጥባቸው። የሞተች እናቷን የምትጠራውን ባልቴት ስለ እናቷ እንድታጫውተን እንጠይቃት እንጂ ዕለት ዕለት መርዶ አንንገራት። ቤታችን በደሴና በወልድያ መንገድ ዳር ከሆነ ደጁን እንጠብቅ።

እኛ ካህናትም «ከእንግዲህ ምን ታውቃለች?» ብለን ቤቷን የምናልፍ ከሆነ በደለኞች ነን። ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ሲጠመቁ ስማቸውን አያውቁም፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ስመ ክርስትና ሰጥታ ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ታቀብላቸዋለች። ሳታውቅ የተቀበልናትን ስለ ዘነጋች እንዴት እንተዋታለን? እርሷ ስሟን ብትረሳ፥ በጸሎት ስሟን የምናስብላት እኛ ነን። በአጠገቧ ተቀምጠን አቡነ ዘበሰማያትን ቀስ ብለን እንድገም፤ በልጅነት የተማሩት ዘግይቶ የሚጠፋ ነውና ብዙ ጊዜ ከንፈሯ ይከተለናል።

ሸክሙ ብዙ ጊዜ በአንዲት ልጅ ወይም ምራት ትከሻ ላይ ይወድቃል። ሌሊቱን ሳትተኛ፥ ሰንበትን ሳታስቀድስ ወራት ያልፋሉ። ደክሟት በእናቷ ላይ ጮኻ እንደ ሆነ ንስሐ ትግባ እንጂ ተስፋ አትቍረጥ፤ ፍርዱም በእርሷ ብቻ ሳይሆን ብቻዋን በተውናት በእኛም ላይ ነው። የሰንበቴና የማኅበር አባላት በየተራ በሽተኛዋን ቢጠብቁላት፥ ያች ልጅ ታስቀድሳለች፤ ጥቂትም ታርፋለች። ይህ ከዝክር የማያንስ ምጽዋት ነው።

ማንንም የማይዘነጋ አምላክ የዘነጉንን እንዳንዘነጋ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።