«ጨጓራውን ያመዋል»

ነገሩ የተጀመረው በውሃ ነው። እኛ ላፍቶ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው፤ ቧንቧው የደረቀ ለት ጄሪካን ይዞ ዳገቱን መውጣት ግድ ነው። አንድ ቅዳሜ እናቴ ሃያ ሊትር ውሃ ይዛ፣ አሥር እርምጃ እየሄደች እያረፈች ስትመጣ፣ ነጭ ሸሚዝና ክራባት ያደረጉ፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር የስም ሰሌዳ የለጠፉ ሁለት ጎረምሶች መንገድ ላይ አገኟት። አንዱ አሜሪካዊ፣ ሌላው ኡጋንዳዊ። አሜሪካዊው በተሰባበረ አማርኛ «እማማ፣ እኔ ይያዝ» ብሎ ጄሪካኑን ትከሻው ላይ አወጣው። (እኔ በዚያ ሰዓት የት ነበርኩ? ስድስት ኪሎ፣ ሻይ ቤት፣ ስለ ሰው ልጅ ነፃነት ስንከራከር። ሌላ ሰው ከሚነግርብኝ ራሴ ልናገር።)

ቤት ስደርስ እንግዶቹ ተቀምጠዋል፤ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ ቡናው ይቆላል። ልጆቹ ሰው በተለምዶ ሞርሞን የሚላቸው፣ እነሱ ግን «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን» የሚሉት እምነት ሰባኪዎች ናቸው። እምነቱን ጆሴፍ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1830 በኒው ዮርክ ግዛት መሠረተው። ወንድ ልጅ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ፣ ራሱ ወይም ቤተሰቡ እየከፈለ፣ ለሁለት ዓመት እንዲሰብክ ይጠበቅበታል። አገሩን አይመርጥም፤ ከጓደኛው አይነጠልም። እ.ኤ.አ. እስከ 2019 ድረስማ ወላጆቹ ጋ የሚደውለው በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ነበር፤ አሁን በየሳምንቱ ተፈቅዷል። እናቴን ከሁሉ ይልቅ ያስገረማት ይህ ነው። የማዕረግ ስማቸው በአማርኛ «ሽማግሌ» ማለት ነው ብላት ደግሞ፣ «ጢም ያላበቀለ ሽማግሌ!» ብላ ከልቧ ሳቀች።

ሲኒው ሲዘረጋለት አሜሪካዊው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አልጠጣም አለ። እ.ኤ.አ. በ1833 የተሰጣቸው የጤና ሕግ ቡናና ሻይ ይከለክላቸዋል። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። የእናቴ ፊት ሲጨልም አየሁ። በእኛ ቤት አቦል አልጠጣም ያለ ሰው ወይ ተቀይሟል፣ ወይ ንቋል። እኔም ሳላመነታ፣ «ጨጓራውን ያመዋል» አልኳት።

ልጁ ለካ «ጨጓራ» የምትለዋን ቃል ያውቃታል። ፊቱ ቀላ። «አይደለም እማማ። ጨጓራ ደኅና ነው። እምነት ነው» አለ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «እንዴ! ጾም ነዋ! ጾም ነው አትለኝም?» ብላ ሲኒውን አነሣችና በብርጭቆ ውሃ አቀረበችለት፤ ራሱ የተሸከመውን ውሃ። የዓመቱን ግማሽ በጾም ለምታሳልፍ ሴት ይህ ምን ይከብዳታል? የእኛስ አባቶች ቢሆኑ ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብለው እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ድረስ ሲጠየፉት አልኖሩም?

ይህን ለጓደኞቼ ባወራ ሁለት ዓይነት መልስ አገኘሁ። አንደኛው፣ «ይኸ ምኑ ውሸት ነው? ይሉኝታ ነው እንጂ» አለኝ። ሁለተኛው ቆጣ ብሎ፣ «ዋናው ውሸታም ፈረንጁ ነው። ጄሪካኑን የተሸከመው ነፍሷን ሊያጠምድ ነው!» አለ።

ከሁለተኛው ልጀምር። ዓላማ ያለው ደግነት ደግነት አይደለም ካልን፣ የእናቴም ቡና ሊወድቅብን ነው። እሷም እኮ ልጁን አጥግባ፣ አስቃ፣ የእሷ ቤት ሰው ልታደርገው ፈልጋለች። የእሱ ዓላማ ደረቱ ላይ ተጽፏል፤ እሷም እምቢ ማለት ትችላለች። እምቢም ብላለች፤ ማርያምን ትቼ የትም አልሄድም አለችው፣ እሱም አንገቱን ነቀነቀ። ነገሩ የሚበላሸው እምቢ ማለት የማይቻል ሲሆን ነው። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 መጥቶ፣ ቋንቋችንን ተምሮ፣ በትዕግሥት አፄ ሱስንዮስን ወደ ሮማ እምነት ሳበ። በ1625 የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ ብሎ አዘዘ። ስንት ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ንጉሡ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። የሕጉን ነገር አላነሣም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ተናግሮታል።

እኔን የሚቆረቁረኝ የመጀመሪያው መልስ ነው። ይሉኝታ ክፉ ነገር አይደለም፤ ስንት ጎረቤት ያኖረ ነው። ግን እኔ ያን ለት ያደረግሁት ምን ነበር? እናቴ እውነቱን አትችለውም ብዬ ፈረድኩ። የተማረው እኔ፣ ያልተማረችውን እሷን ጠበቅኋት! እንግዳው ሊሰብካት መጥቶ እንኳ ይህን ያህል አልናቃት።

ይህ ደግሞ የእኔ ብቻ በሽታ አይመስለኝም፤ የተማሪ በሽታ ነው። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ብዙዎቹ በዕድሜ ከእነዚህ ልጆች አይበልጡም ነበር። እነሱም እውነት ይዘው ነው የሄዱት። ፊደል አስተማሩ፤ የየካቲት 25ቱን የመሬት አዋጅ ለገበሬው አስረዱ፤ ማኅበር አደራጁ፤ ሕይወታቸውን የሰጡም አሉ። ይህን ማቃለል አልፈልግም፤ ጥያቄ ግን አለኝ። የዘመተ አንድ ዘመዴ እንዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ፤ «እግዜር የለም እንል ነበር፣ እርስ በርሳችን። እሑድ እሑድ ግን ገበሬው እንዳይሸሸን ቤተ ክርስቲያን እንሳለም ነበር። ባላገሩ ዝም ብሎ ያየናል። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀንም።» ትንሽ ቆየና፣ «አውቆን ይሆን?» አለኝ። ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ አሁንም ይጠይቃል።

ልጆቹ ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን አልታዩም፤ ተዛውረው ይሆናል። እናቴ አንዳንዴ «ያ ልጅ ለእናቱ ደወለ ይሆን?» ትላለች።

በቀደም ከሐኪም ቤት የምርመራ ውጤት ተሰጣትና፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ እንዳነብላት አቀበለችኝ። ስለ ኩላሊቷ ነው። አየሁት። «ደኅና ነው እማዬ፣ ትንሽ ውሃ ማብዛት ነው» አልኩ። መነጽሯን አወለቀች።

«የተጻፈውን ነው የምትነግረኝ፣ ወይስ ጨጓራውን ያመዋል ነው?»

ወረቀቱን እንደገና ከላይ ጀመርኩ።