ቅዳሜ ቅዳሜ ለምትሰበሰቡ ጸሐፊ ልጆች

ልጆቼ፣ የከተማችን ቤተ መጻሕፍት የጓሮ ክፍሉን ለእናንተ ለጸሐፊዎቹ መልቀቁን ስሰማ ደስ አለኝ። ይምከሩን ብላችሁ ስለጠራችሁኝም የማውቀውን ላካፍላችሁ። ብዙ አይደለም፤ ከመጻፋችሁ ይልቅ የሚያሳስበኝ ማድመጣችሁ ነው።

ለመጻፍማ አዳራሽ አያስፈልግም። ሰው ሲጽፍ ብቻውን ነው፤ ማታ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ወይም ጎሕ ሳይቀድ ጥግ ይዞ ይጽፋል። በቤታችሁ የማታገኙት የሌላ ሰው ጆሮ ነው፤ የምትሰበሰቡትም ለዚሁ ነው። እኔ ግን እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ የማየው ሌላ ነው። አንዱ ሲያነብ ሌላው የራሱን ወረቀት አጎንብሶ ያርማል፤ ተራው ሲደርስ ቀና ይላል፤ አንብቦ ሲጨርስ ይጨበጨብለትና ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። እንዲህ ከሆነ ሁሉም ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር።

ተሰብስቦ መደማመጥን እናንተ አልጀመራችሁትም። የቅኔ ተማሪ ቀን ከሰው ርቆ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ወረቀት የለም፤ ሁሉም በቃል ነው። መምህሩ የተሰበረውን ያቀናል፣ ባልንጀሮቹም ከብበው ይሰማሉ፤ የአንዱ እርማት ለሁሉም ትምህርት ይሆናል። ደግሞ ጀማሪው መወድስ ካልቆጠርሁ አይልም። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ከእናንተ መሀል በመጀመሪያው ወር ባለ አምስት መቶ ገጽ ልቦለድ ጀምሬአለሁ ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እስቲ መጀመሪያ አንድ ገጽ አምጡልን።

ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ቅኔ ቤቶች ያለፉ ሰው ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልቦለዳቸው በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ ያነበበው ሰው ጥቂት አልነበረም፤ በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የሰማው ግን ይበልጥ ሳይበዛ አይቀርም። መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ስለ ፊታውራሪ መሸሻና ስለ ጉዱ ካሣ ሲያወራ የምትሰሙት ለዚህ ነው። ያ ጽሑፍ ለጆሮ ሲቀርብ አልተሰናከለም። የእናንተም ጽሑፍ በዚያ መንገድ ይፈተን። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማያሳይ፣ ጸሐፊው በልቡ አጥብቆ የጻፈውን አንባቢው አላልቶ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ አንዳንድ ቀን የራሳችሁን ለባልንጀራችሁ ስጡና እሱ ያንብብላችሁ። የት ላይ እንደሚደነቃቀፍ፣ የት ላይ ተመልሶ እንደሚጀምር፣ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ምልክት አድርጉ። ከማንኛውም አስተያየት ይልቅ ይህ ይጠቅማችኋል።

ግጥም የምትጽፉማ ጆሮ ከሌላችሁ ምንም የላችሁም። የወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ ሲሄድ ቆይቶ አንዱ ስንኝ ላይ ሰባት ቢሆን፣ ቀለም መቁጠር የማያውቅ አድማጭ እንኳ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። «እኔ የምጽፈው ነፃ ግጥም ነው፤ ቤት አልመታም» የሚለኝ ወጣት አይጠፋም። መልካም። ገጣሚው ሰሎሞን ዴሬሳም በ1963 ዓ.ም. ባወጣው «ልጅነት» የለመድነውን የቤት አመታት ትቶ ብዙ አነጋግሯል። የተወውን ግን ያውቀው ነበር። እናንተም መጀመሪያ ቤት መምታቱን እወቁትና ከዚያ ተዉት፤ ያን ጊዜ ማንም አይጠይቃችሁም።

አሁን ወደ አድማጩ ልመለስ። በቅኔ ቤት መምህር አለ፤ እናንተ ዘንድ የለም። ሁላችሁም እኩዮች ናችሁ፤ ስለዚህ አንዱ ሌላውን ላርምህ ማለት አይችልም። እኩያ ለእኩያው ሊሰጥ የሚችለው የደረሰበትን መንገር ነው፦ እዚህ ላይ ጠፋብኝ፣ እዚህ ላይ ሰለቸኝ፣ እዚህ ላይ ደነገጥሁ። አንድ ልጅ ስለ እናቱ የገበያ ውሎ አነበበ እንበል። «ጠንካራ መልእክት አለው፣ በርታ» ያለው ሰው ምንም አልሰጠውም። «ሴትዮዋ ዘንቢል ይዛ ስትወጣ አየኋት፤ ስትመለስ ግን ባዶ እጇን ነች፣ ዘንቢሉ የት ገባ?» ያለው ግን ጽሑፉን አድምጦታል። ልጁም ማታ ቤቱ ገብቶ የሚሠራው ሥራ አገኘ። ጭብጨባውን ብትተዉት ምኞቴ ነበር፤ ሰው ግን ያለ ጭብጨባ አይኖርምና ቢያንስ አስተያየት ከተሰጠ በኋላ ይሁን። ማንቋሸሽም የጭብጨባ ወንድም ነው፤ ሁለቱም ያላደመጠ ሰው መሸሸጊያዎች ናቸው።

ጽሑፉን የሚያነበው ደግሞ ከማንበቡ በፊት አያብራራ። «ይህን የጻፍሁት አዝኜ ሳለሁ ነው፣ ገና አልጨረስሁትም፣ ጊዜ አጥቼ ነው» የሚለውን መግቢያ ቁረጡት። መጽሐፉ ሲታተም እሱ ከእያንዳንዱ አንባቢ ጎን ቆሞ አያስረዳም። አስተያየት ሲሰጠውም ዝም ብሎ ይጻፍ። መከላከል የጀመረ ሰው መስማት አቁሟል። የነገሩትን ሁሉ ይቀበል ማለቴ ግን አይደለም። የዋሸራ፣ የጎንጅና የዋድላ ቅኔ ቤቶች የየራሳቸው ስልት አላቸው፤ አንዱ እንደ ሌላው ስላልሆነ ጎደለ አይባልም። ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ጠፋብን ካለ ግን ያ ቦታ ችግር አለበት።

ለሴቶቹ ልጆች ጠንቀቅ በሉልኝ። ስብሰባው ሳይመሽ ይለቅ፤ አንዷ ታክሲ እንዳያመልጣት ስትል ተራዋን ትታ የምትሄድ ከሆነ የእናንተ ጥፋት ነው። የፍቅር ግጥም ስታነብም «ማን ነው እሱ?» ብሎ የሚያሾፍ አይጠፋም፤ ያን ዝም አታሰኙትምን? ወንዱ ሲያነብ ስለ ስንኙ ታወራላችሁ፣ ሴቷ ስታነብ ስለ ኑሮዋ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው በሆነ ልጅ አነጋገርም አትሳቁ። በኦሮምኛ ወይም በጉራግኛ የጻፈውን አምጥቶ ቢያነብና ቢተረጉምላችሁ አዲስ ምስል ታገኛላችሁ። በክፍሉ ውስጥ የተነበበውን ሳይፈቀድላችሁ በስልክ ቀድታችሁ ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ። ሰው ነገ ፌስቡክ ላይ እሰደባለሁ ብሎ ከፈራ የሚያነብላችሁ የማያስከፋውን ብቻ ነው፤ የማያስከፋው ጽሑፍም ብዙውን ጊዜ አይረባም።

ሌላው፣ አትቸኩሉ። በሦስተኛው ሳምንት ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ መርጠው ማኅተም ያስቀረጹ ቡድኖች አውቃለሁ። በማኅተሙ ጉዳይ ተጣልተው ተበተኑ። ሰዓት የሚይዝና ተራ የሚያስጠብቅ አንድ ሰው ይበቃችኋል፤ እሱንም አፈራርቁ። ገንዘብ አዋጥቶ የጋራ መድበል ማሳተምም እንዲሁ ነው። ማተሚያ ቤቱ ክፍያውን ይቀበላል፤ መጽሐፉ ግን በየሰዉ አልጋ ሥር ይቀራል፤ ዘመድ ይገዛል፣ ማንም አያነብም። ይልቅ ያረማችሁትን በንጹሕ ገልብጣችሁ በአንድ ደብተር አጠራቅሙና እዚያው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አኑሩት። ተመልሳችሁ ስታነቡት የትኛው እንደቆየ ታያላችሁ።

እዚያው ቤት ሳላችሁም መደርደሪያዎቹን አትርሷቸው። አብዛኛው ወጣት ቤተ መጻሕፍት የሚገባው ወንበርና መብራት ፍለጋ ነው፤ የራሱን ደብተር ይዞ ገብቶ የራሱን ደብተር ይዞ ይወጣል። ለተማሪ ይሁን፣ ፈተና አለበት። ጸሐፊ ግን አይፈቀድለትም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ጀምሮ የአማርኛ ልቦለድ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ሳይገልጡ «እንዲህ ያለ አጻጻፍ ከእኔ በፊት አልነበረም» ማለት ያሳፍራል። በየሳምንቱ አንዳችሁ ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ አውርዳችሁ ከውስጡ አንድ ገጽ ለሌሎቹ አንብቡላቸውና እንደ ባልንጀራችሁ ጽሑፍ ተነጋገሩበት። አዲስ አበባ ለሚሄድ ደግሞ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር አለ፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። እዚህ ያጣችሁትን እዚያ ፈልጉ።

በመጨረሻ፣ ሁልጊዜ መጥቶ ምንም የማያነብ ልጅ እንዳለ ነግራችሁኛል፤ ምን እናድርገው ብላችሁኛል። ምንም አታድርጉት። አንብብ ብላችሁ አታስጨንቁት፣ ለምን መጣህም አትበሉት። አንዱ አንብቦ ሲጨርስ ከሌሎቻችሁ በፊት እሱን ጠይቁት።