ሳይጠይቁ መቅረት ትሕትና ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በየዓመቱ የመስቀል በዓል አልፎ የዛፉ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፥ በዚህ በአሜሪካ ከምንኖረው ወጣቶች መካከል ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሱት አንድ ጥያቄ ይዟቸው ይከርማል። ይኸውም «ለየትኞቹ ኮሌጆች ላመልክት?» የሚለው ነው። ለስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ወይም በአቅራቢያ ላለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማመልከት ማንንም አያስጨንቅም። ጭንቀቱ የሚመጣው እንደ ሃርቫርድ፥ እንደ ዬል፥ እንደ ፕሪንስተንና እንደ ኤም.አይ.ቲ. ያሉት፥ ከሚያመለክተው ሕዝብ እጅግ ጥቂቱን ብቻ መርጠው የሚቀበሉት ትምህርት ቤቶች ስማቸው ሲነሣ ነው። መምህራኖቻቸው «ለምን አትሞክሩም?» ሲሏቸው፥ ውጤታቸው እጅግ ያማረ ልጆች እንኳ አንገታቸውን ደፍተው «ኧረ እነዚያ ለእኔ ዓይነቱ አይደሉም፤ እኔ ራሴን ዐውቃለሁ» ይላሉ።

ይህ መልስ ለጆሮ ደስ ይላል። ታላላቆቻችንም ሲሰሙት «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» ብለው ያመሰግናሉ። ራስን ዝቅ ማድረግ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንማረው የኖርን ስለሆነ፥ እንዲህ የሚለውን ልጅ ደፍሮ «ተሳስተሃል» የሚለው የለም። እኔ ግን መልሱን በሰማሁ ቍጥር ትሕትና መሆኑን እየተጠራጠርኩ መጥቻለሁ።

በመጀመሪያ ለሚጠራጠረው ልጅ የሚገባውን እንስጠው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሃርቫርድ ኮሌጅ 54 ሺህ ያህል ማመልከቻ ተቀብሎ፥ የመግቢያ ፈቃድ የሰጠው 2 ሺህ ለማይሞሉ ልጆች ነው። ከመቶው አራት አይሞሉም ማለት ነው። እንግዲህ «ምናልባት አይቀበሉኝ ይሆናል» የሚል ልጅ ሒሳብ ዐዋቂ እንጂ ፈሪ አይባልም። ችግሩ ከዚህ ቀጥሎ ነው። «አይቀበሉኝ ይሆናል» የሚለው ግምት አድሮ ሲነጋ «አልበቃም» የሚል ፍርድ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ ወንበሩ ብዛት ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ ልጁ ማንነት ይፈርዳል።

ትሕትና የራስን ልክ ማወቅ ነው ይባላል። መልካም፤ ነገር ግን የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ባልተፈተነበት ነገር ልኩን በምን ያውቀዋል? ትሑት ተማሪ ሥራውን ለመርማሪው አቅርቦ የሚሰጠውን መልስ በጸጋ የሚቀበል ነው። ማመልከቻውን ሳይልክ «አልበቃም» ብሎ የዘጋው ግን ሳያስበው በመርማሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ በራሱ ላይ ፈረደ። አነጋገሩ ለስላሳ በመሆኑ ትሑት መሰለን እንጂ፥ ያልተሰጠውን ሥልጣን የወሰደ እርሱ ነው።

በዚህ ጉዳይ ምክር ሲሰጥ የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ሁልጊዜ ይነሣል። ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከጌዴዎን ሸሽቶ ሲሄድ፥ ማይኪራሕ ላይ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐርፎ ሳለ፥ አንድ ትል ዛፉን ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲወጣ ማየቱን ሁላችንም እናውቃለን። ታሪኩን እወደዋለሁ፤ ለዚህ ጥያቄያችን ሲጠቀስ ግን ጥቂት ይጎድለዋል። ትሉን የከለከለው ማንም አልነበረም፤ ያነሰው ጉልበቱ ነበር። የኮሌጁ ነገር ግን በረኛ ያለበት ደጅ ነው፤ ሰባት ጊዜ ቢታገሉም ላይከፈት ይችላል። ስለዚህ ታናናሾቻችንን «እንደ ትሉ ከታገላችሁ ትገባላችሁ» እያልን የማንጨብጠውን ተስፋ ባንሰጣቸው ይሻላል።

ለእኛ ጥያቄ ይበልጥ የሚስማማው የሙሴ ነገር ይመስለኛል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 4 እንደምናነበው፥ ሙሴ ወደ ፈርዖን ሂድ ሲባል አንደበተ ርቱዕ አለመሆኑን ምክንያት አድርጎ አቀረበ። እግዚአብሔርም አንደበትህ የተባ ነው ብሎ አላባበለውም። ድካሙ እንደ ድካም ቀረ፤ የተሰጠው መልስ ወንድሙ አሮን ነው። ኮሌጅ መግባት እንደ ሙሴ መጠራት ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያ ማለት ድፍረት ይሆናል። ማለት የፈለግሁት፥ ስለ ድካማችን የምናስበው እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ጉዳዩ በዚያ አይዘጋም ነው። እንግሊዝኛ ድርሰቱ የማይሳካለት ልጅ ያስፈልገው የነበረው ድርሰቱን የሚያነብለት ታላቅ ወንድም ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ይህ ትሕትና ካልሆነ ምንድን ነው? እንደ እኔ አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታና ትሕትና ሁለቱም አንገት ያስደፋሉ፤ ከሩቅ ሲያዩአቸው አይለዩም። ትሑት ሰው የሚያስበው እግዚአብሔርን ነው፤ ይሉኝታ የያዘው ግን የሚያስበው የሰውን ዓይን ነው። የእነዚህ ኮሌጆች መልስ የሚወጣው በአብዛኛው በመጋቢት ወር ግድም፥ በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ጸበል ጸዲቅ ስንቀምስ «የኔ ልጅ፥ የት ገባሽ?» የማይል እናት አይገኝም። ጥያቄው በፍቅር የሚጠየቅ ነው። ነገር ግን «እዚያ አመልክቼ አልተቀበሉኝም» ብሎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከመናገር ይልቅ፥ ከመስከረም ጀምሮ «አላመለከትኩም» የሚለውን መልስ አዘጋጅቶ መቀመጥ ይቀላል።

ከመካከላችን አንዲት እኅት አለች፤ አባቷ ታክሲ ይነዳሉ፥ እናቷ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ናቸው። ለአንዱ ስመ ጥር ኮሌጅ ማመልከቻዋን እስከ መጨረሻው ገጽ ሞልታ ካበቃች በኋላ ሳትልከው ቀረች። ምክንያቷን ስትጠየቅ «እምቢ ቢሉኝ አባዬ ሰው ፊት ያፍራል፤ ለስንቱ ጓደኛው ነግሮልኛል» አለች። ልብ በሉ፤ ስለ አእምሮዋ አንድም ቃል አልተናገረችም። አባትዬው በበኩላቸው ልጃቸው ማመልከቻውን የያዘችው እርሳቸውን እንዳታሳፍር መሆኑን አላወቁም። ትምህርቱ የከበዳት መስሏቸው «ግድ የለም ልጄ፥ ጤናሽን ብቻ» እያሉ ያጽናኗታል። ሁለቱም ይዋደዳሉ፤ ሁለቱም ዝም አሉ፤ በመካከሉ የማስገቢያው ቀን አለፈ።

ደግሞስ ታላቅ መምህር ፍለጋ መውጣት በእኛ ዘንድ ከመቼ ወዲህ ነው ትዕቢት የሆነው? የአብነት ተማሪ ለቅኔ ወደ ዋሸራ፥ ለድጓ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ ሲሄድ የኖረው፥ በሰፈሩ የኔታ ጠፍተው አይደለም። ትምህርቱ የሚመሰከርበት ስፍራ የት እንደሆነ ሰምቶ ነው የተነሣው። ለምድ ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፥ ከደጅ ደጅ ቁራሽ እየለመነ፥ ውሻ እየተከተለው ተማረ። በየቀኑ ስንቱ ቤት «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ባዶውን እንደመለሰው አስቡ። ማታ ወደ ጎጆው ሲመለስ አኩፋዳው ውስጥ የገባውን ይቆጥር እንደሆነ እንጂ፥ የመለሱትን ደጆች እየቆጠረ አገሩ አልገባም። የእነርሱ ልጆች የሆንን እኛ በአንድ ደብዳቤ «አይሆንም» እንዳንባል እንሸሸጋለን።

ስለ ገንዘብም መነጋገር አለብን፤ ብዙ ልጆች «አልበቃም» የሚሉት «አባቴ አይችልም» ማለት አፍረው ነውና። በዚህ ረገድ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያደረገው ሙከራ ያስደንቃል። ሱዛን ዳይናርስኪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳተሙት፥ ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ቤተሰቦች ለተወለዱ ጎበዝ ተማሪዎች «አመልክታችሁ ከተቀበልናችሁ የአራት ዓመት የትምህርት ክፍያችሁ በነጻ ነው» የሚል ደብዳቤ ተላከ። ደብዳቤው ካልደረሳቸው ተመሳሳይ ልጆች ከመቶው 26ቱ ብቻ ሲያመለክቱ፥ ከደረሳቸው ግን ከ60 በላይ አመለከቱ። የገቡትም ቍጥር ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከሁሉ የሚገርመው፥ ልጆቹ ቢገቡ ኖሮ ያንኑ የሚያህል እርዳታ ያለ ደብዳቤውም ያገኙት እንደነበር ይጠበቅ ነበር። ገንዘቡ ቀድሞም ነበረ፤ ልጆቹም በአንድ ሌሊት ጎበዞች አልሆኑም። አንድ ሰው አስቀድሞ «ኑ» አላቸው፤ ይኸው ነው።

ስመ ጥር የሚባሉትም ቢሆኑ፥ ፕሪንስተን ከ2001 ጀምሮ ለችግረኛ ተማሪ ብድሩን ትቶ በስጦታ ይረዳል። ሃርቫርድ ደግሞ ከ2025 መከር ጀምሮ የቤተሰብ ገቢያቸው በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር ለማይበልጥ ተማሪዎች ምግቡንና መኝታውን ጨምሮ ወጪያቸውን ይሸፍናል፤ እስከ 200 ሺህ ድረስ የትምህርት ክፍያውን ያነሣል። እንግዲህ ለታክሲ ነጂ ልጅ ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ይልቅ እነዚህ ሊረክሱ ይችላሉ። ይህን ለመተማመን ግን የወላጆች ገቢ በወረቀት መቅረብ አለበት፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የአባት ደመወዝ ለልጅ እንኳ አይነገርም። በየወሩ ለአያትና ለአክስት ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብም አለ። እርሱንም ለእርዳታ ክፍሉ በደብዳቤ ማስረዳት ይቻላል፤ ነውር የለበትም።

እስካሁን የተናገርኩትን ሰምቶ «እንግዲያው ሁሉም ሃርቫርድ ያመልክት ማለትህ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ስም ፍለጋም የራሱ በሽታ አለው። ልጁን በመኪናው የኋላ መስታወት ላይ በሚለጠፍ የኮሌጅ ስም የሚመዝን ወላጅ አይተናል፤ እንዲያ የሚገፋ ልጅ ቢቀርበት ይሻለዋል። ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፥ ተመሳሳይ ኮሌጆች ጠይቀው ተመሳሳይ መልስ ያገኙ ልጆችን ሲያነጻጽሩ፥ እጅግ መራጭ ወደሆነው የገቡትና ያልገቡት በኋላ ገቢያቸው በአማካይ ብዙ አልተለያዩም። ጉበዝናው ከልጁ ጋር አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ልዩነት ያገኙባቸው ልጆች ነበሩ፤ እነርሱም ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡት ናቸው። እነዚያ ወደ መራጮቹ በመግባታቸው ተጠቅመዋል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ይበልጥ የሚጠቀመው ልጅ፥ ይበልጥ ሳይጠይቅ የሚቀረው እርሱ መሆኑ።

ደግሞ እናቱ ታማ፥ ወይም ታናናሾቹን የሚጠብቅ ጠፍቶ ከቤት የማይርቅ ልጅ አለ። እርሱ «ቤተሰቤን ልርዳ ብዬ እዚሁ እማራለሁ» ይበል፤ ይህ የሚያስከብር ውሳኔ ነው። «አልችልም» በሚል ቃል ግን አይሸፍነው። ቆይቶ ራሱም የሚያምነው ያንን ቃል ይሆናል።

መልሱ እምቢታ ሲሆንስ? ብዙውን ጊዜ እንዲያ ይሆናል፤ አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል። ሚዛኑም የተስተካከለ አይደለም። ራጅ ቼቲ፥ ዴቪድ ዴሚንግና ጆን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳሳዩት፥ እኩል የፈተና ውጤት ካላቸው መካከል ከመቶው እጅ አንዱን እጅ ከያዙት ባለጸጎች ቤት የተወለደው ልጅ፥ መካከለኛ ኑሮ ካላቸው ቤተሰቦች ከመጣው ይልቅ በእነዚህ ኮሌጆች የመገኘት ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ነው። እንዲህ ባለ ሚዛን የቀለለ ሰው ክብደቱን ዐወቀ አይባልም። በተጠመቀበት ቀን የተሰጠውን ልጅነት አንድ የመግቢያ ጽሕፈት ቤት አይጨምርለትም፥ አይቀንስበትምም።

ስለዚህ ለዘንድሮ አመልካቾች፥ አብዛኞቹ እነዚህ ኮሌጆች ማመልከቻ የሚዘጉት በጃንዋሪ የመጀመሪያ ቀናት ነው፤ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች ሙሉ ወጪ የሚያስገኘው የኩዌስትብሪጅ ማመልከቻ ግን በሴፕቴምበር መጨረሻ ይዘጋል። የማመልከቻውን ክፍያ ለማይችል እንዲቀርለት በትምህርት ቤቱ አማካሪ በኩል ይጠየቃል። ከመካከላችን ኮሌጅ የገባችሁ ከቅዳሜ መርሐ ግብር በኋላ አንድ ሰዓት ቆይታችሁ የታናናሾቻችሁን ድርሰት አንብቡላቸው። አባቶችና እናቶችም የግብር ወረቀታችሁን ከመሳቢያ አውጥታችሁ ለልጆቻችሁ ስጡ፤ መጋቢት ሲደርስ ደግሞ በአዳራሹ «የት ገባሽ?» ከማለታችሁ በፊት «ጾሙ እንዴት ይዞሻል?» ብላችሁ ጀምሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።